ሁለቱ የፕራይመር ሣጥኖች

ባለፈው ወር ቁልፍ ላስቀርጽ አንዲት ትንሽ ሱቅ ስገባ የተሞረደ ናስና የማሽን ዘይት ሽታ ተቀበለኝ፣ የመጣሁበትንም ረስቼ ሮተርዳም ባለው ቤታችን ሥር፣ ብስክሌቶቻችንን በምናስቀምጥባት ጠባብ ዕቃ ቤት በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። እናቴ ጥይት የምትሞላው እዚያ ነበር።

እናቴ አገር ቤት ሳለች በሠራዊቱ የስፖርት ቡድን ውስጥ ዒላማ ተኳሽ ነበረች። ሆላንድ ከገባች በኋላ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያን ትንከባከብ ነበር፤ ከምታጥባቸው ሴቶች የአንዷ ባል፣ እኛ ሜኔር ኬስ፣ አቶ ኬስ እንደማለት፣ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የድሮ ሥራዋን ሲሰሙ ወደ ተኩስ ክለባቸው ወሰዷት፣ ቆይታም የጠመንጃ ፈቃድ አወጣች። ፖሊስ በየዓመቱ ቤት ድረስ መጥቶ ጠመንጃው የሚቀመጥበትን የብረት ካዝና ያይ ነበር። ቢሮ የሚያጸዳው አባቴ በዚያ ቀን ፖሊሶቹ እስኪወጡ ሳሎን ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። ከባሩድ ሸሽቶ መጥቶ ባሩድ ከቤቱ ሥር መቀመጡ ፈጽሞ አልዋጥልህ አለው። አንድ ወታደር ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈንድቶ ዓይኑን ሲያጣ ማየቱን ደጋግሞ ይነግረን ነበር፣ እናቴም አንገቷን አቀርቅራ ታዳምጠውና ወደ ሥራዋ ትመለስ ነበር።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የተተኮሱትን ቀለሆች አጥባ ታደርቅና በያንዳንዱ ቂጥ ፕራይመር ትከት ነበር። ፕራይመር ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የብረት ቆብ ናት፤ የጠመንጃው መርፌ ሲመታት እሳት ሰጥታ ባሩዱን ታቀጣጥላለች። በመጨረሻ ባሩዱን በሚዛን ለክታ ታፈስና አረሩን ትገጥም ነበር። እሷ ስትመዝን ማንም አያናግራትም ነበር።

አንድ ዓመት ብርዱ ሲጠና ከጥይት ዕቃ ሱቁ ተራው ፕራይመር ጠፋ። ሜኔር ኬስ ከራሳቸው አንድ ሣጥን ማግነም አመጡላት። ማግነም ማለት በመጠንም በመልክም ከተራው የማይለይ፣ እሳቱ ግን የበረታ ፕራይመር ነው።

«እሳት እሳት ነው፣ ተጠቀሚበት» አሏት።

«የጥይት አሞላል መጽሐፉ እንደዚያ አይልም» አለች እናቴ። «የኔ ባሩድ ልኩ የወጣው በተራው ነው። ማግነም ካደረግሁ ባሩዱን ቀንሼ ከዜሮ መጀመር አለብኝ፣ አለዚያ ግፊቱ ይበዛል። የቀረኝ ተራው ፕራይመር ለጸደዩ ውድድር ይበቃኛል።»

ማግነሙንም አመስግና ተቀብላ ካዝናው ውስጥ ለብቻው አስቀመጠችው።

ጸደይ ገብቶ፣ ዴን ሃግ ከተማ የሚደረገው ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ካዝናውን ከፍታ ሁለቱንም ሣጥን ጠረጴዛ ላይ እንዳደረገች ከሥራ ተደወለላትና ወደ ላይ ወጣች። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ብስክሌቴን ስጎትት መሪው ጠረጴዛውን መታው፣ ሣጥኖቹም ሲሚንቶው ላይ ተገልብጠው ፕራይመሮቹ ተበተኑ። ይፈነዳሉ ብዬ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ምንም እንዳልሆነ ሳይ ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኳቸው፣ የትኛዋ የየትኛው ሣጥን እንደሆነች ሳላውቅ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ መለስኩና ብስክሌቴን ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ እናቴ ከተራው ፕራይመር ሣጥን እየወሰደች ስልሳ ጥይት ሞላች።

ከዚያ በኋላ አባቴ የነገረን ወታደር እየታወሰኝ ምግብ አልወርድልሽ አለኝ። በትምህርት ቤት መምህሯ ስትጠራኝ አልሰማም ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ውድድሩ እንዲሰረዝ እለምን ነበር። ልነግራት አፌን ከፍቼ «ምሳ ምንድነው?» ብዬ የዘጋሁበትን ቀን ብዛት አላውቀውም።

የውድድሩ ቀን ሜኔር ኬስ በመኪናቸው ወሰዱን፣ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ዴልፍት የምትባለውን ከተማ ስናልፍ ወደ እናቴ ወንበር ጠጋ አልኩ።

«እማዬ፣ ፕራይመሮቹ ወድቀው ነበር።»

«የትኞቹ?»

«ሁለቱም። ስልክ ልታናግሪ የወጣሽ ቀን። ለቅሜ መለስኳቸው።»

«ስንቱ ተቀላቀለ?»

«አላውቅም።»

እናቴ ነዳጅ ማደያ ጋ እንዲቆሙላት ለሜኔር ኬስ ነገረቻቸው፣ የሆነውንም አስረዳቻቸው። ሽማግሌው ሞተሩን አጥፍተው ወደ እሷ ዞሩ።

«ባሩዱ ስንት ነው?»

«መጽሐፉ ከሚፈቅደው ጣራ ትንሽ ዝቅ ይላል።»

«እኔ ብሆን እተኩሰዋለሁ። ዓመት ሙሉ የለፋሽበት ነው።»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። «አይ፣ ሜኔር ኬስ። ይመልሱን» አለች።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ መዶሻ በሚመስል መሣሪያ እየመታች ከያንዳንዱ ጥይት አረሩን አወጣች፣ ባሩዱን አፈሰሰች፣ ስልሳውንም ፈታታች። አልተቆጣችም። አንዴ ብቻ ቀና ብላ፣ «ሳልቆልፍ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሳትነግሪኝ የቆየሽው አንቺ ነሽ፤ የየድርሻችንን እንያዝ» አለችኝ። አባቴ ከሥራ ገብቶ ውድድሩ እንዴት እንደነበር ሲጠይቃት፣ «ጥይቱ አላማረኝም፣ ተመለስኩ» አለችው። እሱም «ተመስገን» ብሎ ጫማውን አወለቀ። እውነቱን እስከ ዛሬ አልሰማም።

አሁን እናቴ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ፈቃዷን መልሳለች፣ እኔም ዲመን በምትባል የሆላንድ ከተማ ትዳር ይዤ የስምንት ዓመት ልጅ አሳድጋለሁ። በቅርቡ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሬ ጠየቅኋት።

«እውነት ይፈነዳ ነበር?»

«ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ምናልባት ቀለሁ ይሰነጠቅ ነበር። ዛሬም አላውቅም።»

«ታዲያ ሜኔር ኬስን ለምን አልሰማሻቸውም?»

«ከነገርሽኝ በኋላ ተኩሼ በደህና ብመለስ፣ ሌላ ቀን የሚያስፈራሽን ነገር ትነግሪኝ ነበር?»

ያኔ እናቴ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ማዶ እያለች ፍርሃቴን ሦስት ሳምንት ብቻዬን ተሸክሜው ነበር። አሁን ልጄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ምሳዋን ሳትነካ ዝም ስትል፣ ስልኬን አስቀምጬ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አንዳንድ ቀን ትነግረኛለች፣ አንዳንድ ቀን «ኒክስ፣ ማማ»፣ ምንም የለም እማዬ፣ ብላ በሆላንድኛ ታልፈኛለች፤ እኔ ግን በልታ ሳህኗን እስክታነሳ ድረስ ከዚያ አልነሳም።