ትልቁ ነጭ ቂርሽ

የተሳሳተ ነገር ተጽፎ ሳይ እጄን ይበላኛል። የመምህርነት በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም። በዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሰሞን የክፍሉን በር ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰዎቹን አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በምስማር የተጫረ «እግዚአብሔር ያቃል» የሚል ጽሑፍ ነው። ሰው በእንዲያ ያለ ሰዓት ስለ አንዲት የጎደለች ፊደል ያስባል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኔ ግን አሰብኩ። ሙቀቱ የተሰማኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ክፍሉ ድሬ ዳዋ ውስጥ ያለ የአንድ ጣቢያ ጓሮ ነው፤ ቀድሞ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። የድሬን የቀትር ፀሐይ ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ሴቶቹ ሲሚንቶው ላይ ውሃ እየረጩ በስስ ድሪያ ቀሚስ ተጋድመዋል። አንዷ ተነስታ ቦታ ለቀቀችልኝና ግድግዳውን እንዳልደገፍ፣ እንደሚያቃጥል ነገረችኝ። ከጅቡቲ ልብስና ጨርቅ የምታመጣ ነጋዴ ናት፤ የተያዘችው ከነዕቃዋ ነው። አጠገቧ ያለችው ከጀልዴሳ የግመል ወተት እያመጣች ከተማ የምትሸጥ ሴት ናት። ወንድሟ ተፈልጎ ሲታጣ እሷ ተገኘች። ሌሎችም ይገቡ ይወጡ ነበር፤ እኔ የቆየሁት ግን ከእነዚህ ሁለቱ ጋር ነው።

እኔን ያስያዘኝ እጄን ማውጣቴ ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቼ፣ የታሰረው ባልደረባችን ፍርድ ቤት ይቅረብ አልኩ። ሌላ አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዎች ትምህርት ቤት መጥተው ከክፍል አስወጡኝ፤ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ስልኬን ተቀበሉኝ። ስልኬ ውስጥ ደግሞ ቂርሽ አገኙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ኡሚ»፣ በዐረብኛ «እናቴ»፣ የሚላት ጎረቤት አለችኝ። ልብስ ሰፊ ናት። አባቷ ከየመን በመርከብ የመጣ ሰው ነው፤ እሷ ግን የተወለደችው እዚሁ ድሬ ነው፤ ባሕር አይታ አታውቅም። እኔም አላየሁም። የባዮሎጂ መጽሐፋችን ስለ ሻርክ ያለው አንድ አንቀጽና አንድ የደበዘዘ ሥዕል ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ከዚያ አንቀጽ አልወጣ አሉኝ። ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ሻርክ መጠየቅ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ኡሚ ቤት ዲሽ አለ። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ቀኑን ሙሉ በዐረብኛ ስለ እንስሳት የሚያወራ ጣቢያ ትከፍታለች። የሰማችውን ለእኔ በአማርኛ ታስረዳኛለች፤ ጥሩ ፕሮግራም ሲኖር ደግሞ ልጆቹ በየቤታቸው እንዲያዩት ቀድማ መልእክት ትልክልኛለች። ሻርክ በዐረብኛ ቂርሽ ነው። ስለዚህ መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ ማታ ትልቁ ነጭ ቂርሽ ይመጣል። ለልጆቹ ንገሪ።»

መርማሪው ከሌላ ከተማ ተቀይሮ የመጣ ሰው ነው። ከእኛ ከተማ ቋንቋዎች መጀመሪያ የያዘው ቃል፣ ገበያ የወጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚይዘውን ነው፤ «ቀርሺ»፣ በኦሮምኛ ገንዘብ ማለት ነው። በእሱ ቤት ትልቅ ነጭ ገንዘብ ማታ ይመጣል፣ ከዚያ ለልጆቹ ይነገራል።

«ልጆቹ እነማን ናቸው?» አለኝ።

«ተማሪዎቼ።»

«ገንዘቡስ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ገንዘብ አይደለም፤ ዓሣ ነው።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ትክ ብሎ አየኝ። እኔም ክፍል ውስጥ ሲቀለድብኝ የማይበትን ዓይን ስለማውቀው አልተቀየምኩትም።

መልእክቱ የመጣበት ስልክ የተመዘገበው ጅቡቲ በቀረው የኡሚ ልጅ ስም ነበርና በማን እጅ እንዳለ አላወቁም። የሚፈልጉት የያዘውን ሰው ነው። የላኪውን ስም ተናገሪ፣ ቂርሽ ገንዘብ ነው ብለሽ ፈርሚ፣ ቤትሽ ግቢ አለኝ። ተማሪዎቼን ጠርቶ መጠየቅ እንደሚችልም ነገረኝ። ልጆቹን እዚያ ወንበር ላይ ማየት አልፈለግኩም፤ ስም ግን አልሰጠሁትም። ኡሚ ደግሞ የስኳር በሽታ አለባት። የኢንሱሊን መርፌዋን የምታስቀምጠው ፍሪጅ ውስጥ ነው። እዚያ ቆርቆሮ ሥር እሷም መርፌውም አይቆዩም። ፈራሁ፤ አልዋሽም። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ራሴ ከፈራሁት ይልቅ ያቺ ስም ከአፌ እንዳታመልጥ የፈራሁት ይበልጣል።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ምን እንደጠየቀኝ ነገርኳቸው፤ የላከልኝን ሰው ግን አላነሳሁም። ነጋዴዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አቦ፣ መንግሥት በዓሣ ልትገለብጪ ነው አሉሽ?» አለችኝ።

የወተት ሻጯ አማርኛዋ ግማሽ ነው፤ ሲጎድልባት በሶማሊኛ ትሞላዋለች። ነገሩ ስላልገባት ነጋዴዋን ጠየቀች። ነጋዴዋም «ሊባህ በዴድ» አለቻት። የባሕር አንበሳ ማለት ነው፤ ሶማሌ ሻርክን የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሴትየዋ ተነስታ ተቀመጠች። አንበሳ የግመል አርቢ ዘመዶቿ ጠላት ነው፤ ስለ ጠላት ደግሞ ሁሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። ትልቀቱን፣ ስንት እንደሚወልድ፣ በሌሊት ይውጣ አይውጣ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ ይታለብ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አይታለብም፣ እናቱም አታጠባውም፣ ከወለደችው በኋላ ራሱን ችሎ ይሄዳል አልኳት።

«ያለ ወተት?» አለች። ለሻርክ ልጅ ከልቧ አዘነች።

እንዲህ ሆነና ትምህርት ተጀመረ። ጠመኔ የለም። ጣቴን ውሃ እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ እስላለሁ፤ ጅራቱ ጋ ስደርስ ጭንቅላቱ ደርቆ ይጠፋል። ስለዚህ ሥዕሉን በቃላቸው ያዙት። ጥርሱ በረድፍ በረድፍ ነው፣ የፊተኛው ሲወልቅ የኋለኛው ይተካል። አጥንት የለውም፣ ገላው የቆመው እንደ ጆሯችን በሚታጠፍ ነገር ነው፤ ይሄን ስል ሁሉም ጆሮውን ያዘ። ጀርባው ጥቁር ግራጫ ነው፣ ነጭ ያስባለው ሆዱ ነው፤ ከላይ ለሚያየው ጨለማ፣ ከታች ለሚያየው ብርሃን ይመስላል። ደግሞ ቆሞ መተንፈስ አይችልም። ውሃው በአፉ ገብቶ በጉንጩ እንዲወጣ ሁልጊዜ መሄድ አለበት፤ ከቆመ ይታፈናል። ነጋዴዋ ጅቡቲ ባሕር ዳር ቆማ ታውቃለች፤ ያንን ሁሉ ውሃ አይታ እግሯን እንኳ ሳትነክር እንደተመለሰች አጫወተችን። አሁን ለምን እንዳልነከርኩ ገባኝ አለች። እኔም ለአፍታ የት እንዳለሁ ረሳሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ የሚሰማ ክፍል አስተምሬ አላውቅም።

አንድ ቀን የወተት ሻጯ ሰው ይህን እንስሳ ይዞ ማሰር ይችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሞክረዋል አልኳት። ትልቅ የመስታወት ገንዳ ሠርተው ከተውታል። አብዛኛው እህል አልቀምስም ይላል፣ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል፣ ይሞታል። ብልሆቹ ግን ሳይሞትባቸው መልሰው ባሕር ይለቁታል። ይህን ስናገር የማወራው ስለ ዓሣ ብቻ ነው ብል ማንም አያምነኝም።

ርዝመቱን ማስረዳት ግን አቃተኝ። በሜትር ብነግራቸው አልገባቸውም። በኋላ ነጋዴዋ መላ መታች፤ አንዳችን ከሌላችን እግር ሥር ራሳችንን እያደረግን በአንድ መስመር ተጋደምን። የመጨረሻዋ ስትጋደም ክፍሉ አለቀ፤ ጅራቱ ገና ውጪ ነው። ዓሣው ከእስር ቤታችን ይበልጥ ነበር። እንዲህ ተደርድረን ሳለን ጠባቂዋ በሩን ከፈተች። ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቀች።

«ዓሣ ነን» አለች ነጋዴዋ ከተጋደመችበት ሳትነሳ።

ጠባቂዋ አልሳቀችም። በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ሴቶቹን አንድ በአንድ ያስጠራቸው ጀመር። እኔ ክፍሉ ውስጥ የማስተምረው ምን እንደሆነ ከእነሱ ሊሰማ ነው። ነጋዴዋ መጀመሪያ ሄደች። በዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሴትየዋ ጨርቅ ነጋዴ ናት፣ የድሬን ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ታውቃለች። ዐረብኛ የምትሰማው፣ ዲሽ የማታጠፋው ልብስ ሰፊ ማን እንደሆነች ለማወቅ ከእኔ መስማት አያስፈልጋትም። የተወረሰባት ዕቃ ደግሞ መኪና ሙሉ ነው።

ስትመለስ ላቧን እየጠረገች ቁጭ አለች። ዕቃሽን እመልስልሻለሁ ብሏት ነበር። ምን እንዳለችው ጠየቅኳት።

«ጥርሱን ነገርኩት። ላኪውን ሲለኝ፣ እኔ የማውቀው ዓሣውን ነው አልኩት።»

ከዚያ የድሪያዋን ጫፍ ገለበጠችና ስፌቱን አሳየችኝ። ጥቃቅን፣ የማይዛነፍ ስፌት ነው። ማን እንደሰፋው ከሩቅ አውቀዋለሁ። ስለ ቂርሹ ካወራሁበት ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። ጫፉን መልሳ ዘረጋችና ውሃ አምጡ አለች። እኔ አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው።

ብዙ የቆየችው የወተት ሻጯ ናት። አስተርጓሚ አስመጥቶላት ሁሉንም አንድ በአንድ አስረድታዋለች፤ ጆሮውን እንዲይዝም አድርጋዋለች። መጨረሻ ላይ ሌላ የቀረ ነገር እንዳለ ሲጠይቃት ራሷ በምትችለው አማርኛ መለሰችለት። የመለሰችለትን እኛ ፊት ደገመችው።

«ታስሮ አይበላም ወላሂ። መጨረሻ እነሱ ራሳቸው ይፈቱታል።»

ከሰዓት በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። ጠረጴዛው ላይ የሴቶቹ ቃል ተዘርግቷል። ሦስት ስም ነው ያለው አለኝ፤ አንዷ ቂርሽ፣ አንዷ ሊባህ፣ አንቺ ሻርክ ትያለሽ። እኛ አገር ሦስት ቋንቋ ስላለ ነው አልኩት። ከስሙ ሌላ ቃላቸው አንድም ቦታ አይለያይም። ጥርሱም ያው፣ ግልገሉም ያው፣ ገንዳውም ያው። ሦስት ሰው ተመካክሮ ቢዋሽ አንዱ ጋ ይፈርሳል፤ እውነት የተማረ ሰው ግን ከየትኛውም ጎን ቢጠየቅ ይመልሳል። ይህን እሱም አየው። ወረቀቱን ገፋ አድርጎ፣ ወደ መስኮቱ እያየ ጠየቀኝ።

«እውነት ቆሞ አይተነፍስም?»

ለተማሪዬ እንደማስረዳው አስረዳሁት። በደንብ አዳመጠ። ከዚያ የላኪውን ስም መልሶ ጠየቀኝ።

«እሱ ከትምህርቱ ውጪ ነው» አልኩት።

ስለ ሰነበትኩበት ጊዜ ወሬ አላስረዝምም። ምን እንዳስፈታኝም በእርግጥ አላውቅም፤ የወተት ሻጯ ግን አስቀድሜ ተናግሬ ነበር ትላለች። ልወጣ ስል መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። «ቂርሽ በሚል የሚስጥር ቃል ስለ ገንዘብ መልእክት መለዋወጤን አምናለሁ» ይላል፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለ። በሩ ከጀርባዬ ክፍት ነው፤ ውጪ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማኛል። እጄን በላኝ። እስክሪብቶ ተቀበልኩ። «የሚስጥር ቃል» የሚለውን ሰርዤ «የዐረብኛ ቃል» አልኩ። «ገንዘብ» የሚለውን ሰርዤ ከላዩ «ዓሣ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩም ሙሉ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። መርማሪው አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። አልቀደደውም። ፋይሉ ውስጥ ከተተውና «ሂጂ፣ መምህር» አለኝ። እስከ ዛሬ የሆነ መሳቢያ ውስጥ ስለ አንድ ዓሣ የፈረምኩበት ወረቀት አለ። ሳስበው እኮራለሁ።

ባሕር አሁንም አላየሁም። ነጋዴዋ ዕቃዋ ባይመለስላትም ሥራዋን ጀምራለች፤ በባቡር ጅቡቲ ወስዳ ባሕሩን ልታሳየኝ ቃል ገብታለች፤ እግሯን ግን አሁንም እንደማትነክር ነግራኛለች። የወተት ሻጯም ተፈታለች፤ ከጀልዴሳ ስትመጣ በእኔ በር ታልፋለች፣ ለእኔ ስትቀዳም እጇ አይሰስትም። ኡሚ የሚባሉ ሴቶች በድሬ በየሰፈሩ አሉ፤ የእሷን እውነተኛ ስም ያኔ እንዳልሰጠሁ ዛሬም አልጽፍም። ዓይኗ ትንሽ ደክሟል፣ መርፌዋ ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ ዲሹ አይጠፋም።

ባለፈው ሳምንት የፈተና ወረቀት ሳርም ስልኬ ጮኸ። «ዛሬ ማታ ትልቁ ነጭ ቂርሽ ይመጣል። ለልጆቹ ንገሪ» ይላል። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥኩ። መጀመሪያ ነጋዴዋ ጋ ደወልኩ፣ ቀጥሎ ጀልዴሳ፣ ከዚያ ለተማሪዎቼ ጻፍኩ። ለሁሉም ነገርኳቸው።