ሞተሩ ሳይዞር የተለካ ዘይት

በሐረር፣ አቦከር ሰፈር ስለ ካምቢዮ ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ግቢዬ ይቁም። ሰባ ዓመት አልፎኝም መኪና ገና ከዳገቱ ሥር ሳለ ድምፁን ሰምቼ ሕመሙን እናገራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሄርሜላ ትንሿን አውቶማቲክ መኪናዋን ይዛ መጣች። ግቢዬ ውስጥ በክሪክ አንስቼ አሮጌውን የካምቢዮ ዘይት አወረድኩ፤ በውሃ ጠርሙስ ለካሁት፤ የወጣውን ያህል አዲስ ቀይ ዘይት ሞላሁ። እሷ በስልኳ ትቀርጸኛለች። መጨረሻ ላይ «አባባ፣ ይሄን ሁሉ ማን አስተማረህ?» ስትለኝ ደረቴን ነፍቼ «ማንም! ይሄ ጭንቅላትና እነዚህ አሥር ጣቶች!» አልኩ። ሳቀች፤ ለሰው ሁሉ ለቀቀችው።

እሷ ከሄደች በኋላ እጄን ስታጠብ ዘይቱ ከጥፍሮቼ ሥር ቀርቷል። ቀይ ነው። አሸተትኩት። ስልሳ ዓመት ሙሉ ካምቢዮ ስፈታ ይህን ሽታ ሳላሸት ቀርቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ከነመልሱ፣ ከነዳሱ፣ ከነእህቴ ካባ መጣብኝ።

ልጅ እያለሁ አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ሐኪም ረጅም ሰማያዊ መኪና ገዛ። አውቶማቲክ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ብርቅ ነው። የሰፈሩ ልጆች አንገታቸውን በመስኮት አስግገው ሦስተኛውን ፔዳል ይፈልጋሉ። «ፍሪሲዮኑ ተሰርቆ ነው» ያለም ነበር። እኔ የባለመኪናው ልጅ ስለሆንኩ ሁሉን የማውቅ ሆኜ አስረዳቸዋለሁ። ማወቄ ግን ከአው አብዶሽ የሰማሁትን መድገም ነበር።

አው አብዶሽ መካኒክ ነበሩ። «አው» የሐረር ሰው ታላቁን በአክብሮት የሚጠራበት ነው። የሚሠሩት ኤረር በር አጠገብ፣ ከጀጎል ግንብ ጥላ ሥር ነበር። ሰው ቁልፉን ሰጥቷቸው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ ቆሞ የሚጠብቃቸው የለም። «አማና ነው» ይላሉ፤ አደራ ማለታቸው ነው። እጃቸውን በአመድና በሎሚ ሲታጠቡ ሽታው ደስ ይል ነበር። ከኪሳቸው የሚያወጡልኝ ለውዝ የዘይት ጣዕም ነበረው፤ እኔ ግን ከዚያ የሚጥም ለውዝ እስከ ዛሬ አልበላሁም። ጥያቄ አያሰለቻቸውም። መፍቻ እንዴት እንደሚያዝ፣ ቡሎን ሲጠብቅ የት ላይ ማቆም እንደሚገባ ጣቶቼን በጣቶቻቸው ይዘው አሳይተውኛል።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ታላቅ እህቴ አስቴር ተዳረች። የመልሱ ዋዜማ አው አብዶሽ ቤታችን መጥተው ግቢ ውስጥ የካምቢዮውን ዘይት ቀየሩ፤ በማግስቱ ሙሽሮቹን ወደ እኛ ቤት የምታመጣው ይህችው መኪና ነበረች። ሞልተው ሲያበቁ ሞተሩን አስነሱ፤ ፍሬን ረግጠው ማርሹን አንድ በአንድ አስኬዱት። ከዚያ ሞተሩ እየዞረ መለኪያውን መዘው በጨርቅ ጠረጉና እንደገና ነክረው አሳዩኝ። ልክ መስመሩ ላይ ነው።

«አየህ ልጄ፣ ይሄ እንደ ሞተር ዘይት አይደለም። ሞተሩ ሲተኛ ዘይቱ ወደ ታች ይወርድና የበዛ ይመስላል። ይዋሻል። እውነቱን የሚናገር ሞተሩ ሲዞር ነው።»

እሺ አልኩ። ዓይኔ ግን ካቡ ላይ ተቀምጠው የሚያዩኝ ጓደኞቼ ላይ ነበር።

አው አብዶሽ እንደወጡ ሙሉጌታ ከካቡ ዘለለ። «አቦ አንተ ምን ታውቃለህ! ጎማ ስታጥብ ነው ያየንህ» አለኝ። ይህን ሰምቼ ዝም ልል? ሞተሩ ጠፍቷል፤ መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ ከመስመሩ በጣም አልፏል። «አያችሁ? አው አብዶሽ አብዝተውታል!» ብዬ እሳቸው ረስተው የሄዱትን መፍቻ ይዤ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ቡሎኑን ሳላላው ሞቃቱ ዘይት በእጅጌዬ እስከ ብብቴ ወረደ። አንድ ጣሳ ሞላሁና ጠበቅ አደረግኩት። ስለካው መስመሩ ላይ ቁጭ ብሏል! «መካኒክ!» ብለው አጨበጨቡልኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እንዲህ ብሎኛል፤ እንደዚያን ዕለት ግን የጣመኝ የለም። ጣሳውን ለአባቴ አሳይቼ ልመሰገን ካቡ ሥር አስቀመጥኩት።

በማግስቱ መኪናዋ ከኤረር በር ወደ ላይ ስትወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷ አትሄድም። ሙሽሮቹ ወርደው ዳገቱን በእግራቸው መጡ። አስቴር የካባዋን ጫፍ ሚዜዎቿ አንስተውላት አቧራ ለብሳ በር ላይ ስትደርስ የሴቶቹ እልልታ መሃል ላይ ተቋረጠ። መኪናዋን ወንዶች እየገፉ ከኋላ አመጧት።

አው አብዶሽ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻው በተጣለው ዳስ ውስጥ ነበሩ፤ የእነሱን ሙክት ያረዱትም እሳቸው ናቸው። ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳያነሱ ተጠሩ። ሞተሩን አስነስተው መለኪያውን መዘዙ።

«ዘይት የለውም» አሉ።

 እሳቸው የለኩት ሞተሩ እየዞረ ነበር፤ እኔ ትናንት የለካሁት ጠፍቶ ሳለ ነው።

አባቴ በእንግዳው ሁሉ ፊት «ትናንት የሞላኸው አንተ አይደለህም? ከድሬዳዋ ድረስ ያስመጣሁት ዘይት ነው። ለማን መኪና አደረግከው?» አላቸው።

«አቶ በየነ፣ አቦ ተው። ስንት ዓመት እንተዋወቃለን?»

«እኮ! ስንት ዓመት ሙሉ ነዋ ያመንኩህ!»

 አው አብዶሽ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ውሃ አምጣልኝ» አሉ። ማስታጠቢያውን አምጥቼ በእጃቸው ላይ አፈሰስኩ። የታጠቡት በጣም በቀስታ ነው። አዲስ ነጭ ልብስ ለብሻለሁ፤ ጥፍሮቼ ግን ቀይ ነበሩ። ጥፍሮቼን አዩ፤ ፊቴን አዩ። ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «የምትለው ነገር አለህ?» አሉኝ።

ማስታጠቢያው ባዶ እስኪሆን ጠበቁኝ።

«የለም» አልኩ።

«ኸይር፣ መልካም» አሉ። እጃቸውን በጋቢያቸው አድርቀው፣ ምግባቸውን ሳይነኩ ወጡ። አብረዋቸው የተቀመጡትም አንድ በአንድ ተነሡ።

ጣሳውን ያን ማታ ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ወሬው ፈረስ መጋላ ገበያ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ከዚያ በኋላ ኤረር በር ሳልፍ የማየው አንድ ነገር ነበር። ሰው መኪናውን ለአው አብዶሽ ሰጥቶ መሄድ ተወ። ሥራው እስኪያልቅ ከጀርባቸው ቆሞ እጃቸውን ይጠብቃል። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ይሠራሉ፤ «አማና ነው» ሲሉ ግን ዳግመኛ አልሰማሁም። አባቴ እንደሰረቁት አምኖ ሞተ። ልነግረው ስንት ጊዜ አጠገቡ ተቀምጫለሁ።

ጎልምሼ የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ በኋላ አንድ ቀን ደንበኞቼ ፊት እንደልማዴ «እኔን ማንም አላስተማረኝም» እያልኩ ሳወራ በሩ ላይ ጥላ አጠላ። አው አብዶሽ ነበሩ፤ አርጅተዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ሰምተውኛል። መፍቻውን የያዝኩበትን እጄን አዩ፤ የእሳቸው አያያዝ ነበር። ሳቅ ብለው «ማሻ አላህ፣ ጎበዝ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሮጬ ልደርስባቸው እችል ነበር። ደንበኞቼ እያዩኝ ስለነበር ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ሄርሜላን ከነመኪናዋ ጠርቼ «ያን ነገር አጥፊው» አልኳት።

«ውይ አባባ! ባጠፋውስ? ሰው ተቀባብሎታል እኮ። ‘እንዲህ ያለ አባት ይብዛልን’ እያሉህ ነው!»

«እንግዲያው ሌላ ቅረጪኝ። ሞተሩን አስነሺ።»

መለኪያውን መዘዝኩ፤ ጠረግኩ፤ ነከርኩ፤ መስመሩ ላይ ነበር። «ይህን ያስተማሩኝ አው አብዶሽ የሚባሉ ሰው ናቸው። መፍቻ መያዝም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በእህቴ መልስ ቀን ሌባ ተባሉ። ዘይቱን ያፈሰስኩት እኔ ነበርኩ» አልኩ። መለኪያውን ወደ ቦታው መለስኩ። ሄርሜላ ስልኳን ዝቅ አደረገች።

ይህንንም ለቀቀችው። እንደ መጀመሪያው ብዙ ሰው አላየውም ብላኛለች። ድሮ የአንድን ሰው ስም ለማጥፋት ወሬ ዳገትና ቁልቁለት በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ በጣት ጫፍ ይሄዳል። እውነት ግን ያኔም አሁንም ዘግይታ ነው የምትደርሰው። እኔስ? ልጅ እያለሁ «እኔ ነኝ» ለማለት አንድ ማስታጠቢያ ውሃ የሚፈስበት ጊዜ ተሰጥቶኝ ነበር። አሁን አባቴም የለም፣ አው አብዶሽም የሉም፤ ቃሉን ተናገርኩት፣ የሰማኝ ስልክ ነው። ውሃው ያለቀው ያኔ ነው።