የሁዳዴው ቀለም

ድሬዳዋ ከገባሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ጎረቤቴ ሽበቴን ባየች ቁጥር፣ «ነይ ሂና ላድርግልሽ፤ ምነው ራስሽን ጣልሽ?» ትለኛለች። «ተይኝ እቴ» ብዬ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ እስባለሁ። ምክንያቱን ነግሬያት አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ጎንደር ነበርን። ወንድሜ ጫካ ገብቷል። እኛ ለቀበሌ «ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሄደ» ብለናል፤ በተቃራኒው በሰሜኑ መንገድ፣ ድብ ባሕር ላይ ከመኪና ሲወርድ ያየው ሰው ግን አልጠፋም። ቀበሌው ከጫካ ወሬ የሚመጣበትን ቤት ይፈልግ ነበር። በአገራችን ልጅ የሞተባት እናት ጠጉሯን ትላጫለች። ስለዚህ ልጇ የሸፈተባት እናት ተላጭታ ከታየች፣ መርዶውን ማን አመጣልሽ ተብላ ትያዛለች።

እናቴ መርዶ አልሰማችም። ጭንቀቱ ብቻ ራሷን በአንድ ክረምት አነጣው። አንድ ቀን በስብሰባ ላይ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ፣ «እትዬ፣ ምነው ጠጉርዎ? ልጅዎ ደመወዙን አልልክ አለ እንዴ?» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። ቤት ስንደርስ ግን በሩን ዘግታ መስተዋት አነሣች።

ቀለሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አራዳ ካለ ሱቅ፣ የማላነበው የባዕድ ጽሑፍ ያለበት ብልቃጥ ገዛሁ። እንዳይለቅ ብዬ ከቀትር እስከ ሠርክ ተውኩባት። «ራሴን ፈጀኝ» ስትል፣ «ትንሽ ቻይው እማዬ» አልኳት። ሲታጠብ ሸጋ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ብልቃጡን ሽንት ቤት ጣልኩት፤ የመሪጌታ ሚስት፣ ያውም ባሏ የሞተባት፣ በሁዳዴ ጠጉሯን አቀለመች ከተባለ ነውር ነው።

በሦስተኛው ቀን ያ በጣት መካከል የሚንሸራተት ለስላሳ ጠጉሯ እንደ ቃጫ ሻከረ። ሚዶ ሲገባበት ኰሽ ይላል።

«ቅቤ ላድርግልሽ፤ ያለሰልሰዋል» አልኳት።

«በጾም? ቅቤ ራሴን አይነካም። ለፋሲካ ትቀቢኛለሽ።»

ጾሙን ፈርቼ አልገፋሁም። ዛሬም ቢሆን ጾምሽን አፍርሺ እላት ነበር አልልም።

ጠጉሩ ከሥሩ እየተሰበረ ከሚዶው ጋር ይመጣ ጀመር። የወጣውን እየሰበሰብኩ ጓሮ ቀበርኩ። ሆሳዕና ሲቃረብ የቀረው ከሳምንት በፊት የተላጨ ራስ መሰለ። በሻሽ ጠቀለልነው። የሆሳዕና ዕለት ግን ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ሻሿ ተንሸራተተ፤ ወዲያው ብታስተካክለውም፣ ከኋላችን የቆሙት ሴቶች አይተዋል።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራን። ካድሬው በኔ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው።

«እናቴ፣ ሻሽዎን ያውርዱት።»

አወረደችው። ራሷን ትኩር ብሎ አየ።

«ቀለም ነው ያረገፈው» አልኩ። «እኔ ነኝ የቀባኋት።»

«በሁዳዴ? የመሪጌታ ቤት?» ፈገግ አለ። «እስቲ ብልቃጡን አምጪዋ።»

የሚመሰክርልኝ ነገር ቢኖር ያ ሽንት ቤት የጣልኩት ብልቃጥ ብቻ ነበር።

ወደ እናቴ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኛ ራሳችን የሰማነው ከትናንት ወዲያ ነው። እርስዎ መሞቱን ከማን ሰሙ?»

እናቴ ሻሿን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች።

«አሁን» አለች። «ካንተ።»

ካድሬው ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላያትም። የዚያኑ ዕለት አልለቀቋትም፤ የለቀቋት ቅዳሜ ነው፣ እንዳታለቅስ አስፈርመው። ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ፍትሐት አይፈታለትም፤ አስከሬንም የለን።

ለፋሲካ ብዬ ለጋ ቅቤ በጣሳ አስቀምጬላት ነበር። ስትገባ አሳየኋት። እሷ ግን በርጩማው ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ከራሷ ገፈፈችና ምላጭ አምጪ አለችኝ። አመጣሁላት። የሚላጭ ብዙም አልነበረ።