የጤፍ ዘር ይዤ ወደ ጨፋ ሮቢት

ረቡዕ፣ ሳይነጋ፣ ከሚሴ

ሐምሌ ከገባ ሳምንት አለፈ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ እኔ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልኩም። የቤት አከራዬ እትዬ ከድጃ የጤፍ ዘር በጆንያ አሸክማኝ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ዘሩ የሚሄደው ከሮቢት ገበያ በላይ ለሚያርሰው ወንድሟ ለያሲን ነው።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያሲን በሚያዝያ ማሽላ ዘራ። ሰኔን ሙሉ ዝናብ ጠፋ፤ ማሽላው ጉልበት ላይ ቀርቶ ጠወለገ። ማሽላ ብዙ ወር ይፈልጋል፤ ጤፍ ግን አሁን ቢዘራም ይደርሳል፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ ከተዘራ። እንግዲህ ያሲን ወይ ማሽላውን ይጠብቃል፣ ወይ ገልብጦት ጤፍ ይዘራል። ከተሳሳተ ቤተሰቡ የዓመት ቀለብ አይኖረውም።

አንድ ሰዓት፣ መኪና ላይ

ጨው የጫነ መኪና አሳፈረኝ። ጣልያን የሠራው መንገድ አንዱ መታጠፊያ ላይ ጭቃ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ አቧራ ነው። ደመና ተራራ ሲገፋው እንዴት ቦታ መርጦ እንደሚዘንብ ለሾፌሩ አብራራሁለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ “መምህር፣ ይህን ሁሉ ካወቅህ እስቲ ጨፋ ላይ አዝንብልን” አለኝ። ከላይ የተሳፈሩት ሳቁብኝ።

ሦስት ሰዓት፣ ሮቢት

ገበያው በሰው ተሞልቷል፤ እህሉ ግን ጥቂት ነው። ነጋዴዎቹ የጆንያቸውን አፍ ጨብጠው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ወደ ሰማይ ያያሉ። አንዲት ሴት የያዝኩትን እሸጥ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለተኛዋ ስትጠይቀኝ እርምጃዬን አፋጠንኩ።

ረፋድ፣ የያሲን ማሳ

ማክሰኞ ዘንቦ ኖሯል። ያሲን “አሰላሙ አለይኩም፣ ፋያ?” ብሎ በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠይቆ ጨበጠኝና ጆንያውን ሳያይ አፈሩን ቆፈረ። አፈሩ እስከ እጁ አንጓ ጥልቀት እርጥብ፣ ከዚያ በታች ደረቅ ነበር። የማሽላ ሥር ወደ ታች እንደሚጠልቅ፣ ይህ ውሃ ለጤፍ እንጂ ለማሽላ እንደማይበቃ ማስረዳት ጀመርኩ።

“እሱንስ አውቃለሁ መምህር” አለኝ። “ግን ገና አልሞተም እኮ።”

በሬዎቹን ጠምዶ በቆመው ማሽላ መካከል አንድ ፈር አወጣ። በዚህ አገር ማሽላው ጉልበት ሲደርስ በሬ አግብተው ያርሱታል፤ ሽልሻሎ ይሉታል። አረሙ ይነቀላል፣ ውሃ ይሰርጋል። ለሽልሻሎ ፈሩ ይራራቃል፤ ሊገለብጡት ከሆነ ግን ይጠጋጋል። የመጀመሪያው ፈር ምንም አይናገርም።

ሚስቱ ዘሀራ አጠገቤ ተቀምጣለች። የቱን እንደመረጠ ነግሯት እንደሆነ ጠየቅኋት።

“እሱ መች ይናገራል? ሁለተኛውን እይ።”

ያሲን በሬዎቹን መለሰ። ጥቂት ቆመ። ከዚያ ማረሻውን ከመጀመሪያው ፈር ጥግ ሰካው፤ ማሽላው እየተነቀለ ወደቀ። ዘሀራ ተነሥታ ጥጃዎቹን ልታርቅ ሄደች። የጠወለገ ለጋ ማሽላ ከብት ይገድላል።

ጎረቤቶች በሬዎቻቸውን ይዘው መጡ። ከሰዓት በኋላ የለሰለሰው መሬት ለጤፍ እንዲመች በከብት ተረገጠና ያሲን “ቢስሚላህ” ብሎ መዝራት ጀመረ። ዘሩ ግን ታችኛው ቁራጭ ጋ ሳይደርስ አለቀ። እርጥበቱ እስከ መቼ እንደሚቆይ ጠየቅሁት። ፀሐይዋን በአገጩ አሳየኝና፣ “እንዲህ ከበረታች እስከ ነገ ማታ” አለ።

ሐሙስ፣ ማለዳ፣ ከሚሴ

በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ። እትዬ ከድጃ በር ላይ ናት። የፈሩን ነገር ከመጀመሪያው ልተርክላት ስል አቋረጠችኝ።

“ዘሩ በቃው?”

“ታችኛው ቁራጭ ቀርቷል።”

“እርጥበቱስ?”

“እስከ ዛሬ ማታ።”

ወደ ጓዳ ገብታ የቤቱን ጤፍ በእንቅብ ይዛ ወጣች። ባዶውን ጆንያ ከእጄ ተቀብላ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ገለበጠችበት፤ እኛ በበቆሎም እንከርማለን አለች። አፉን አስራ ትከሻዬ ላይ ካደረገችው በኋላ ነው ቀና ብላ ያየችኝ።

“ወደ ሮቢት የሚወርደው መኪና አልሄደም አይደል?”