ለኤዶ የመረጥኳት ጠመንጃ

ተኩስ እችላለሁ ብዬ ስጎርር ዓመታት አሳልፌአለሁ። የጦር ሜዳ ተኩስ እንዳይመስላችሁ፤ እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ መሣሪያዬ ጠመኔ ነው። የምጎርረው ጅግጅጋ ውስጥ፣ መንገድ ዳር፣ በአየር ጠመንጃ ቆርኪ በመምታቴ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ከመሃል አገር ተመድቤ ስመጣ ከትምህርት ቤት መልስ የማደርገው ነገር አልነበረኝም። ጫት አልቅምም፣ ካርታ አልወድም፣ ቤት መዋልም አልችልም። ስለዚህ ኤዶ ጋ መሄድ ለመድኩ።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ይጠራቸዋል። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተረፋቸው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የቆርቆሮ አጥርና አንድ የአየር ጠመንጃ ነበር። አጥሩ ላይ ቆርኪዎች በክር ያንጠለጥላሉ፤ ለመታ ብስኩት ወይም ማስቲካ ይሰጣሉ፣ በሳተ ይስቁበታል። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "መዓሊን" ይሉኛል፣ መምህር ማለታቸው ነው። ሲስቁብኝ ግን መምህርነቴም አያድነኝም።

ጠመንጃዋ ጤነኛ አልነበረችም። አንድ ጊዜ ከባጃጅ ላይ ወድቃ የፊት ማነጣጠሪያዋ ስለተጣመመ፣ ጥይቷን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ወደ ቀኝ ትጥላለች። እኛ ደንበኞቹ ጠባይዋን እናውቃለን። የቆርኪውን ግራ ጠርዝ እናነጣጥርና መሃሉን እንመታለን። መጀመሪያ አካባቢ እያሰብኩ ነበር የማደርገው። ኋላ ግን አንገቴና ዓይኔ ራሳቸው ለመዱት፣ እኔም ማሰቡን ተውኩት። አምስት ጥይት ተሰጥቶኝ አምስት ቆርኪ እጥላለሁ፤ ከዚያ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ።

እንግዳ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? አንድ ቀን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዐሥር ጥይት ሳተና "ሌባ! ሆን ብለሽ ነው ያጣመምሻት!" ብሎ በሰው ፊት ጮኸባቸው። እኚያ አፈ ጮሌ ሴት ገንዘቡን መለሱለትና ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ከክሩ መፍታት ጀመሩ። "መዓሊን፣ ልጆቼን ሐራም አላበላም" አሉኝ። "ወይ ቀጥ ያለች ጠመንጃ እገዛለሁ፣ ወይ እዘጋለሁ። ሰው ሌባ እያለኝ እዚህ አልቆምም። ደግሞ የምትመርጥልኝ አንተ ነህ፤ ከአንተ የበለጠ የሚመታ አላየሁም።" ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ሹመት የተሰጠኝ ያህል ተሰማኝ።

ቀብሪበያ ላይ እንደሳቸው ዒላማ ሲያስተኩስ የኖረ ሰው ሥራውን ትቶ ሦስት ጠመንጃ እየሸጠ ነው ተባለ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አፌ አልተዘጋም፤ ስለ አየር ግፊት፣ ስለ ጥይት ፍጥነት፣ ስለ በርሜል ርዝመት። ኤዶ በመስኮቱ ግመሎች እያዩ "ሀዬ፣ ሀዬ" ይሉኛል፣ እሺ እንደማለት። አሁን ሳስበው ዝም በል ሊሉኝ አፍረው ነው።

ሰውየው ሦስቱንም ምንጣፍ ላይ ደረደራቸው። አንደኛዋ በጋዝ የምትሠራ፣ አንዴ ካጎረሷት ሳትሞላ ዐሥር ጊዜ የምትተኩስ ነበረች። ቃታውን መሳብ ብቻ ነው። "ወጣቱ የሚወደው ይቺን ነው፣ ጠ ጠ ጠ!" አለ። እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ ወደ እሷ ሄዶ ነበር። ታዲያ ጋዟ ሲያልቅ ኤዶ ከየት ያመጣሉ? ደግሞስ የእሳቸው ጨዋታ ያለው መሃል ላይ ባለችው ፋታ ነው። አንዱ ይተኩሳል፤ በርሜሉን አጥፎ ሌላ ጥይት እስኪያጎርስ ጓደኞቹ ይቀልዱበታል፣ እሱም ለምን እንደሳተ ያስባል። ዐሥሩም ጥይት በአንድ ትንፋሽ ካለቀ ጨዋታው የቱ ጋ ነው? "ይቺ ትቅር" አልኩ። በዚህኛው ፍርዴ ዛሬም አላፍርም።

የቀሩት ሁለቱ አንድ አንድ ጥይት የሚጎርሱ፣ መንትያ የሚመስሉ ነበሩ። ቆርኪዎች ግድግዳ ሥር አስደግፌ፣ እንደ ልማዴ ቆሜ ተኮስኩ። የመጀመሪያዋ ሦስቱንም ጥይት ወደ ግራ ጣለቻቸው። "ይቺ ጠማማ ናት" አልኩ እንደ ዳኛ። ሁለተኛዋን አነሳሁ። ቷ! ቆርኪው ወደቀ። ደገምኩ፣ ወደቀ። ሠለስኩ፣ ወደቀ። "እርግጠኛ ነህ?" አሉኝ ኤዶ። "ሳይንስ እኮ ነው ኤዶ!" አልኳቸው። ሻጩ አንዴ እኔን፣ አንዴ ጠመንጃዋን አየ። ያደነቀኝ መስሎኝ ነበር። አይ እኔ!

በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤዶ አዲሷን ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ አኑረው "ቀጥ ያለች ናት፣ ኑ ሞክሩ!" እያሉ ሰው ጠሩ። እኔ ስደርስ ሕዝቡ ከቧቸዋል። ለሥራ አዲስ የተመደቡ የሚመስሉ ሰዎች እየተፈራረቁ ይተኩሳሉ፣ እየተፈራረቁ ይስታሉ። "ያው ናት! ያቺው ሌብነት!" ሲል ሰማሁ አንዱ። ደሜ ፈላ። ሰው እየገፋሁ ገባሁና "አለመቻላችሁን በእሳቸው አታላክኩ!" ብዬ ጠመንጃዋን ተቀበልኩ። አምስት ጥይት፣ አምስት ቆርኪ። ጭብጨባ ስጠብቅ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ያው ሰውዬ "አያችሁ? የራሷ ሰው ነው፤ ምስጢሩን ያውቃል" አለ።

ከመሃላቸው አንድ ጎልማሳ ወታደር ወጣ። ሳይቆጣ፣ አጥሩ ሥር የነበረውን አሸዋ የሞላ ከረጢት ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ አወጣው። ጠመንጃዋን ከረጢቱ ላይ አስተኝቶ የቆርኪውን መሃል አነጣጠረና ተኮሰ። ወደ ቀኝ ሄደ። ደገመ፤ ወደ ቀኝ። "ወንድሜ፣ አንተ የቱ ጋ ነው ያነጣጠርከው?" አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ግራ ጠርዙ ጋ! ስንት ዓመት ሙሉ ግራ ጠርዙ ጋ! ቀጥ ያለችውን ጠማማ ብዬ ጥዬ፣ ጠማማዋን ቀጥ ያለች ብዬ አስገዝቻቸዋለሁ። የፊዚክስ መምህሩ ከረጢት ላይ አስተኝቶ መሞከር አልታየውም።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሰዉ መሃል ሁለት ተማሪዎቼ አፍጥጠው ያዩኛል። "ማነው ይቺን የመረጣት?" አለ ወታደሩ። እኔ ነኝ፤ ሁለት ቃል ነው። ኤዶ ተማሪዎቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በሶማሊኛም በአማርኛም፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገው "እኔ ነኝ የመረጥኳት። መዓሊን ምንም አያውቅም" አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ወታደሩ ደግ ሰው ነበር፤ ፒንሳ አስመጥቶ ማነጣጠሪያዋን አቃናላቸው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠመንጃዋ እውነትም ቀጥ አለች። ግን ማን ይመን? ሰዉ ይዞት የሄደው "እኔ ነኝ" ማለታቸውን ብቻ ነው። በሳምንቱ ገበያው ውስጥ "ራሷ አመነች እኮ" ሲባል በጆሮዬ ሰማሁ። ሰምቼም አለፍኩ።

ያን እሑድ ሰዉ ሲበተን "ምነው ኤዶ፣ ለምን እንዲህ አሉ?" ብዬአቸው ነበር። "አንተ ነገ ተማሪ ፊት ትቆማለህ" አሉኝ። "እኔ የምቆመው ቆርኪ ፊት ነው።" ሳቁ፤ እኔም ተከትዬ ሳቅሁ። ዛሬ የሚያንገበግበኝ ከዝምታዬ ይልቅ ያ ሳቄ ነው። እኚህ ሴት ሌባ ላለመባል ብለው ነበር ጠመንጃ የገዙት። ያንኑ ስማቸውን እኔን ከኀፍረት ለማዳን ሰጡ፣ እኔም ተቀበልኳቸው።

ሰኞ ክፍል ስገባ ሁለቱ ተማሪዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ስለ ግጭት ኃይል አስተምሬ ወጣሁ። ማክሰኞም እንዲሁ። ኤዶ ጋ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄዶ ሁለት ወር ሳይሞላ ጠረጴዛውን ሸጡና እህታቸው ወዳለችበት ወደ ሽንሌ ሄዱ። ስንሰነባበት ወቀሳ ከአፋቸው አልወጣም፤ ትምህርት ቤት እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ እንጂ።

ለሁለቱ ተማሪዎች አልተናገርኩም፣ ተመርቀው ሄደዋል። ለሰፈሩም አልተናገርኩም። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ ካነበበው ይበቃኛል። ጠመንጃዋን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ኤዶ ማንንም አታለው አያውቁም።