«አዩ ወይስ ሰሙ?»

ጫኝ ሆኜ የተቀጠርኩት ነቀምት ላይ ነው፤ ቡናና አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ አሶሳ በሚወርድ የነጋዴዎች ቅፍለት። የቅፍለቱ አለቃ ሐጂ በሽር የሚባሉ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት በቅሎ ከነኮርቻዋና ከነመጫኛዋ አስረከቡኝና «ግራና ቀኙ እኩል ካልመዘነ ጀርባዋ ይላጣል፤ የእሷ ጀርባ ከተላጠ ያንተም ይላጣል» አሉኝ። ትምህርቴ ይኸው ነበር። የቀረውን ያስተማሩኝ ከብቶቹ ናቸው።

ቅፍለት ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ይሰፍራል፤ ከብቱ መጋጥ አለበት። ያን ቀን አንድ ኬላ አጠገብ ሰፍረን ጭነት አራገፍንና ድስት ተጣደ። ሥጋ የሆነ ቀን ድስቱ ሁለት ነው፣ የክርስቲያንና የእስላም። ሽሮ የሆነ ቀን ግን አንድ ነው፤ ያን ቀን ሽሮ ነበር። አንዱ ዱቄቱን፣ አንዱ ጨዉን፣ አንዱ ሽንኩርቱን አዋጣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ስንቅ የለኝም።

«ስንቅ የሌለው ነገር ያዋጣል» አሉ ሐጂ። «እኛ የማናውቀው፣ እንዲህም አለ እንዴ የሚያሰኝ ነገር። በል፣ ድስቱ ሳይፈላ።»

ጨነቀኝ። ከአገሬ ይዤ የመጣሁት ዕውቀት የከብት ዕውቀት ብቻ ነው። «ላም ከተኛችበት ስትነሣ በኋላ እግሯ ትጀምራለች፤ በቅሎ ግን በፊት እግሯ» አልኩ።

ዕድሜ ልካቸውን ከከብት ጋር የኖሩ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ «አየህ ወይስ ሰማህ?» ብለው ጠየቁኝ። «አየሁ» አልኩ። ወዲያው ሰይድ የሚባል የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ብድግ አለና «በኩታዬ እወራረዳለሁ! ሁሉም ከብት አነሣሱ አንድ ነው!» አለ።

የኬላ ጠባቂው ላም ጥላ ሥር ተኝታ ታመሰኳለች። ሄደን ቀሰቀስናት፤ ቂጧ ቀድሞ ወደ ሰማይ ወጣ። የእኔ በቅሎ አቧራ ላይ ስትንከባለል ጠበቅናት፤ ስትነሣ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ነው። ሰይድ ኩታውን እያጉረመረመ ሰጠኝ። እኔም ሽሮውን በልቼ ጥግብ አልኩ።

የቅፍለቱ ሕግ ይህ ነበር። ነገር የሚያዋጣ ሰው አስቀድሞ «አየሁ» ወይም «ሰማሁ» ይላል። «ሰማሁ» ያለውን ሰው መስማት እንጂ መወራረድ ክልክል ነው፤ ወሬ ነውና። «አየሁ» ካለ ግን ማንም ሊገጥመው ይችላል፤ ነገሩም ይፈተናል።

በዚህ መንገድ ያልሰማሁት ጉድ የለም። ጉማሬ ቀኑን ሙሉ ዐባይ ውስጥ ይውላል እንጂ ዋና አያውቅም፤ በወንዙ ወለል ላይ ይራመዳል። ዝሆን እንደ ሰው ግራኝና ቀኝ አለው፤ ብዙ የሚሠራበት ጥርስ ከሌላው ያጥራል። ይህን ያዋጣው ራሱ ሰይድ ነው፤ ጥርሶቹን አውጥቶ ጎን ለጎን አስተኝቶ አሳየን። የጥርኝ ዝባድ ደግሞ ከዕቃው ሲወጣ አፍንጫ ያስይዛል፣ ቅንጣቷ ግን ሽቶ ትሆናለች። ይህን የሚያዋጣ ሰው ሁልጊዜ ልክፈተውና አሽትቱት ይላል፤ እኛም ሁልጊዜ እንሸሻለን።

ክርክሩ ሲበዛ ሐጂ ዳኝነቱን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ የራስህ ዕቃ የለህም፣ ከማንም ጋር አልተሻረክህም። ደግሞ ነገር መፈተን ትወዳለህ» አሉ። በማዕረግ የመጨረሻው ነበርኩ፤ በላዬ አለቃው፣ ነጋዴዎቹና የወንዙን መሻገሪያ መልካ የሚያውቀው መንገድ መሪ አሉ። ድስት ዙሪያ ግን ዳኛው እኔ ሆንኩ። ይህ ሹመት ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን አለው።

አንድ ዓመት አያ ደምሴ የሚባሉ ነጋዴ ተቀላቀሉን። የጎጃም ሰው ናቸው፤ ሀብታቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ነበረች። እሷ ካለች ነጋዴ ናቸው፣ ከሌለች የሰው ጫኝ ይሆናሉ፤ ይህን እሳቸውም እኛም እናውቃለን። ነገር ማዋጣት ላይ ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። ሌላው አንድ ሲያዋጣ እሳቸው ሦስት ይናገራሉ፤ ጨውም ጨምረው ያዋጣሉ። ብቻ ሁሉም «ሰማሁ» ነው።

ሰይድ አይለቃቸውም። «አያ፣ ዓይንዎ ለጌጥ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ አገር ዞረው አንድ ነገር እንኳ አላዩም?» ይላቸዋል። እሳቸው ይስቃሉ፤ ጆሯቸው ግን ይቀላል። ነገሩ እንደሚቆጠቁጣቸው አውቅ ነበር።

ባምባሲን አልፈን ሽመል በሚባለው የቆላ ቀርከሃ ጫካ ውስጥ ሰፍረን ሳለ፣ አያ ደምሴ «ሰውን ጠርታ ማር ወዳለበት የምትመራ ወፍ አለች» አሉ።

ሐጂ እንደ ልማዳቸው «አዩ ወይስ ሰሙ?» አሉ።

አያ ደምሴ ሰይድን አዩት። ሰይድ ገና ከአሁኑ ፈገግ ብሏል። «አየሁ!» አሉ።

«ምን ትመስላለች?» አለ ሰይድ።

«ቀይ ናት። ቁራ ታክላለች። ድምፅዋ የዋሽንት ያህል ያምራል።»

«በምን ይወራረዳሉ?»

«በበቅሎዬ!»

ሰይድም በበቅሎ ገጠመ። እሱ አራት አለው፣ አንዷ ብትሄድ ሦስት ይቀሩታል። እሳቸው ያለቻቸው አንዲት። ላስቆማቸው ፈለግኩ፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ዳኛም አያባብልም።

በማግስቱ ጠዋት በዚያ አካባቢ ማር የሚቆርጥ ሙሳ የሚባል የበርታ ሰው ይዘን ወጣን። ሙሳ መጥረቢያውንና የሚጨስ እንጨት ይዞ ከፊት ሄደ። «ዝም በሉ» አለን። «ወፍ ሰው ካየ ይመጣል። እሱ ይመራል፣ እኛ ይከተላል። ወላሂ፣ አሰል ያለበት እሱ ነው የሚያውቅ።» አሰል ማር ማለት ነው።

አያ ደምሴ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ቀይ ወፍ ይፈልጋሉ። ጥቂት እንደሄድን ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ መልኳ አመድ የመሰለ ወፍ አናታችን ላይ መጥታ ጮኸች። ድምፅዋ ቅል ውስጥ የሚንኳኳ ጠጠር ይመስላል። ስንሄድ አብራ ትሄዳለች፣ ስንቆም ይብስባታል። አያ ደምሴ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንቺ ቀበጥ! ዋናዋን ታስደነብሪብናለሽ!» ብለው ጓል አንሥተው ወረወሩባት።

ሙሳ ክንዳቸውን ይዞ ጮኸ። «ኧረ ተው፣ ወላሂ ተው! እሱ ነው! ወፍ እሱ ነው!»

ሰይድ ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። አያ ደምሴ ቆመው ቀሩ። ፊታቸውን ማየት አልፈለግኩም።

ወፏ ግን ቂም አልያዘችም። ጥቂት ራቅ ብላ አረፈች፣ ጮኸች፣ ጠበቀችን። ስትበር የጅራቷ ዳር ነጭ ነው። ሸለቆውን አሻግራ አንድ ትልቅ ዛፍ ጋ አደረሰችንና ዝም አለች። ሙሳ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ አዳመጠና ሳቀ። አጨሰ፣ በመጥረቢያው ከፈተ፣ እጁን ሰዶ ማሩን ከነሰፈፉ አወጣ። ከዚያ የሰፈፉን ቁራጭ ቅጠል ላይ አኖረ። «ይህ የሱ ድርሻ ነው። ካልሰጠ ሌላ ቀን እባብ ጋ ይወስዳል፣ ይላል ሽማግሌ» አለን።

ዞር ስንልላት ወፏ ወርዳ ሰሙን መብላት ጀመረች። አያ ደምሴ ሐፍረታቸውን ረስተው ክንዴን ጨበጡኝ። «ሰም ትበላለች! ይማም፣ ሰም ትበላለች እኮ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሌላ ሰው ሲደሰት ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ፍርዱ ደግሞ የእኔ ነው።

ሰፈር እንደተመለስን ሰይድ ክሱን አቀረበ። «ወፏ አልዋሸችም። እሳቸው ግን አላዩዋትም። ያየ ሰው መሪውን በጓል አይመታም።»

እውነቱን ነው። አያ ደምሴም አልተከራከሩም። አሰብኩ፣ አወጣሁ አወረድኩ። በመጨረሻ «የተወራረዳችሁት ወፏ መኖሯን ነው፤ አለች። ስለዚህ የሁለታችሁም በቅሎ በየባለቤቱ እጅ ይቆይ። ያላዩትን አየሁ ስላሉ ግን አያ ደምሴ ነቀምት እስክንመለስ ነገር አያዋጡ፤ ጨው ብቻ ያዋጡ» ብዬ ፈረድኩ።

ያዳንኳቸው መስሎኝ ነበር። በቅሎዋ ተረፈች፣ ቅጣቱም ሳንቲም አያስወጣም። ሐጂ ራሳቸው «ዝም አይነቅዝም» ብለው አጽናኗቸው።

አሶሳ ገባን። ለነገር ወዳድ ሰው ከአሶሳ ገበያ የበለጠ ምን አለ? የወንዝ አሸዋ አጥበው ወርቅ የሚያወጡ ሴቶች ወርቁን ውስጡ ባዶ በሆነ የአሞራ ላባ ዘንግ ሞልተው ያመጣሉ። ከሱዳን በኩል የመጡ ነጋዴዎች በዓረብኛ ይጨቃጨቃሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አያ ደምሴ ከዚህ ሁሉ ለወር የሚበቃ ወሬ ለቅመው ይመጡ ነበር። አሁን ግን ጨዋቸውን ድስት ውስጥ ጨምረው ፈቀቅ ብለው ይቀመጣሉ። ምግብ ቀነሱ። ሰፈሩም ቀዘቀዘ። ሰይድ እንኳ የሚያበሽቀው ሰው አጥቶ ጫማውን ሲጠግን ይውል ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት አያ ደምሴ ለበትር የሚሆን ሽመል ልቁረጥ ብለው ማር ሊሸጥ ገበያ ከመጣው ከሙሳ ጋር ወጡ። ሲመለሱ እየሮጡ ነው። ነጠላቸው ሥር የደበቁት ነገር አለ። ቀጥታ እኔ ዘንድ መጥተው እያለከለኩ ቆሙ።

«ይማም፣ አንድ ነገር አየሁ። በዓይኔ በብረቱ!»

«ምን አዩ?»

«እንዴት እነግርሃለሁ? ፈርደህብኛል እኮ!»

«ነቀምት ስንገባ ይናገራሉ፣ አያ። ይታገሡ።»

«ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ነቀምት ላይ ማን ይፈትነዋል? እዚያማ መልሶ ወሬ ይሆናል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንደተረታሁ ቁጠረኝ። በቅሎዋን ለሰይድ ስጥና አፌን መልስልኝ።»

«አያ፣ በቅሎዋ ከሄደች እኮ ጫኝ ይሆናሉ።»

«ጫኝ አፍ የለውም እንዴ? አንተ ጫኝ አይደለህ? ይኸው አፍ ብቻ ሳይሆን ዳኝነት ይዘህ ቁጭ ብለሃል።»

ሰዉን ሰበሰብኩና ነገሩን አስረዳሁ። ሰይድ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ቀጥሎ ወደ ሐጂ ዞሮ አየ፤ ሐጂ «ውርርድ ውርርድ ነው፣ ባለቤቷ ከፈቀደ ተቀበል» አሉት። አያ ደምሴ ዳማዋን አንገቷን አሻሽተው መሳቢያ ገመዷን በእጁ አስያዙት። ሰይድ ተቀበለ። ነጋዴ ነዋ።

ከዚያ አያ ደምሴ ከነጠላቸው ሥር አንድ የሽመል ቅርንጫፍ አወጡ። ጫፉ ላይ የደረቀ የሣር ዘለላ የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። ሰዉን ዙሪያውን አዩና፣ «ሽመል ሲያብብ አየሁ» አሉ። «አበባው ይኸውላችሁ። ካበበ በኋላ ጫካው በሙሉ ይደርቃል፤ የሚያብበውም በሰው ዕድሜ አንዴ ቢሆን ነው። ይህን ግን ሰማሁ ነው፤ ሙሳ ከአባቱ ሰምቶ ነገረኝ።»

የሚወራረድ አልተገኘም። ሁላችንም ተነሥተን ሄድን፣ ሐጂም ሰይድም። ጫካው ከዳር እስከ ዳር አብቦ ቆሟል። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ስመላለስ የሽመል አበባ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

አያ ደምሴ ከአሶሳ እስከ ነቀምት በእግራቸው ሄዱ። ዳማዋ የሰይድን ጥርስ ጭና ከፊታቸው ትሄዳለች፣ እሳቸው ደግሞ ጎን ጎኗን እየሄዱ ያወራሉ። ሰይድ ደከመኝ ዝም በሉልኝ ቢላቸው፣ «ከፍዬበታለሁ» አሉት። በሚቀጥለው ዓመት ከእኔ ጋር ጫኝ ሆነው ተቀጠሩ። ጭነት ማመዛዘን ከብዷቸው ነበር፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ወገባቸውም እሺ አይልም። አንዳንድ ጠዋት እያቃሰቱ ሲያነሡ ሳይ አዝን ነበር። ነገር ሲያዋጡ ግን «አየሁ» ያሉትን የሚገጥም ሰው ከዚያ ወዲያ አልተገኘም፤ ሰይድም ጭምር።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ጭነት ግራና ቀኙን እኩል አድርጉ። ያያችሁትን አየሁ በሉ፣ የሰማችሁትን ሰማሁ በሉ። የተደባለቁ እንደሆነ በቅሎ ያስከፍላሉ።