በክር የተለካ ብስክሌት

የልጄ ልጅ የብረት ሜትሯን ከተረከዜ እስከ አናቴ ስትዘረጋ ብረቱ አንገቴን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነበር።

"እቴቴ፣ ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ እንጂ።"

ቀጥ ብዬ ነበር የቆምሁት። ቁጥሩን በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጻፈችና መታወቂያዬ ላይ ካለው ቁመት ጋር አስተያየችው። "አጥረዋል እኮ!" ብላ ሳቀች።

ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው የራሴ ቃል አልነበረም። "ሜትር ለብረት ነው፤ ሰው የሚለካው በክር ነው" አልኋት። የአባቴ ቃል ነው። እሳቸው ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ ቃሉን ከአፌ ሰምቼው እኔው ደነገጥሁ።

የቆምንበት ቤት የእሳቸው መሥሪያ ቤት ነበር። መሥሪያ ቤት ስል ከጓዳችን ጀርባ በቆርቆሮ የተከደነች አንዲት ክፍል ማለቴ ነው። ብረት ቀርቅሮ የሚይዘው ሞርሳ ዛሬም ከጠረጴዛው ጋር እንደተጣበቀ አለ። የልጄ ልጅ አምስቱን ቀን ቢሮ ትውላለች፤ ቅዳሜና እሑድን ግን እዚህ ናት። ጉልበቴ ከገበያ መልስ እንቢ ማለት ከጀመረ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ብስክሌት ልሠራልዎት ብላ ተነሣች። መሪው እንደ በሬ ቀንድ ሰፊ ነው፤ ኮርቻውም ሰፊ ነው። "ክሩዘር ይባላል፤ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነው የሚሄዱት" አለችኝ። የኋላው ጎማ መሐል የድስት ክዳን የምታህል ሞተር አለች። ባትሪውን አያይዛ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ማንም ሳይነካው ጎማው መዞር ይጀምራል። እግር ሳይረግጠው የሚዞር ጎማ አሁንም ግራ ያጋባኛል።

ግራ ያጋባኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። አዲሱን ሞተር የምትገጥመው በአሮጌው ብስክሌት ላይ ነው፤ ከግድግዳው ላይ አውርዳ። "እንዲህ ያለ ብረት ዛሬ አይገኝም" አለች። እውነቷን ነው። ያ ብስክሌት ለእኔ የተሠራ ነው። ወይም ለእኔ የተሠራ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ የዱርቤቴ ሰው ነበሩ። ባሕር ዳር የገቡት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና መኪና ሊጠግኑ ነው። ማታ ሲመለሱ የማሽን ዘይት ይሸታሉ፤ ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ ይቀመጥ ስለነበር ልጅ ሆኜ ፋብሪካው ሰውን የሚያስረጅ ይመስለኝ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የእኛ ተራ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበር። በእግር ስመለስ ጀምበር ትጠልቅብኛለች። እናቴ የካህን ልጅ ናት፤ ነገር አታበዛም። "ሴት ልጅ ጨለማ ይዟት በሐይቅ ዳር አትመጣም። እስከ ጥምቀት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ቤቷ ትቀመጥ" አለች። ቤቷ ትቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። አንድ የዘጌ ቤተሰብ ሽማግሌ ሊልክ ነው ይባል ነበር።

 በማግሥቱ አባቴ የወንድ ብስክሌት ስብርባሪ ተሸክመው መጡ።

መጀመሪያ ያደረጉት እኔን መለካት ነው። "ጫማሽን አውልቂ" አሉኝ። ከፋብሪካው ካመጡት ነጭ ክር ጫፉን ተረከዜ ሥር አስረግጠውኝ በጀርባዬ ሽቅብ ሳቡት። በቅባት በጠቆረ አውራ ጣታቸው ክሩን አናቴ ላይ ጫን አደረጉና ቆረጡት። የጣታቸው ጥቁር ምልክት ክሩ ጫፍ ላይ ቀረ። "ይህን ክር ለሁለት ታጥፊዋለሽ። ግማሹ ከፔዳሉ እስከ ኮርቻው ነው። በቃ! ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም" አሉኝ። ክሩንም ከሞርሳው በላይ ካለችው ምስማር ላይ አንጠለጠሉት።

በቤታችን ሌላም ክር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ወታደር ሆኖ ሲሄድ፣ በዚያው ጠዋት እናቴ ከዚያው ከነጩ ክር ቁመቱን ለክታ አስቀርታለች። በሰላም ሲመለስ ክሩን በሰም ነክራ፣ በቁመቱ ልክ ጧፍ አድርጋ ቤተ ክርስቲያን ልታበራ ተስላ ነበር። "ለካሽኝ እኮ እማዬ፤ ሱሪ ልታሰፊልኝ ነው?" ብሎ ሲቀልድባት ትዝ ይለኛል። ክሩን ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አኖረችው። ብስክሌቱ በሚሠራበት ጊዜ የወንድሜ ደብዳቤ ከቆመ ስድስት ወር ሆኖት ነበር።

ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። አባቴ በቀሚስ እንድወጣ ብለው የላይኛውን ብረት ቆርጠው ዝቅ አደረጉት። ኮርቻውም እንዳይወዛወዝ ከቋሚው ቱቦ ጋር በየዱት። "ይህ ኮርቻ ከእንግዲህ ወዲያ ከፍም ዝቅም አይል፤ ልኩ ነው" ብለው በኩራት መቱት። ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው አረንጓዴ ቀቡት። የዚያን ቀለም ሽታ ዛሬም ለይቼ አውቀዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳዎች እየገባች ወለሉ ላይ ትናንሽ ክብ ብርሃን ጥላለች። አባቴ መሪውን ያዙልኝና ወጣሁ።

"እግርሽን አውርጂ እንጂ!"

"አውርጃለሁ አባባ።"

"ወደ ታች!"

"ሌላ እግር የለኝም እኮ።"

ፔዳሉ ከእግሬ ሥር አራት ጣት ያህል ይርቅ ነበር።

አባቴ በፋብሪካው የፀጉር ስፋት ስሕተት ከሩቅ ያያሉ የሚባልላቸው ሰው ነበሩ። አወረዱኝ። ከምስማሩ ላይ ክሩን አንሥተው እንደገና በጀርባዬ ዘረጉት። ክሩ አናቴን አልፎ ስምንት ጣት ተረፈና ወደ ፊቴ ታጠፈ። ጫፉን አገላብጠው አዩት፤ ጥቁር ምልክት የለበትም። አንድ ጊዜ ክሩን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያያሉ። ያደግሁ እንደሆነ ይገባ ነበር፤ አጠረች ማለት ግን አልሆነላቸውም።

እናቴ እጇ በውኃ እንደራሰ ከጓዳ ወጣች። የጠራት አልነበረም። "ይኼ የልጄ ነው" አለችና ክሩን ከእጃቸው ወስዳ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው። አልደነገጠችም። እስከ ዛሬ የማይገባኝ እሱ ነው፤ አልደነገጠችም።

አባቴ የብረት መጋዙን አነሡ። "አራት ጣት ናት። እቆርጣታለሁ፣ እበይዳታለሁ። የአንድ ቀን ሥራ ናት።"

"በልጄ ቁመት ላይ መጋዝ እንዳያሳርፉ!"

"አንቺ ሴትዮ፣ ብረት ነው እኮ!"

"ልጄ ተመልሶ ደጃችንን ሳይረግጥ በልኩ የተሠራ ነገር አይቆረጥም።"

አባቴ የመጋዙን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ውጭ አንድ ሰው በግ እየጎተተ ሲያልፍ ይሰማ ነበር። እኔ "እኔስ?" ማለት ፈለግሁ፤ ከአፌ አልወጣም። ከዚያ አባቴ መጋዙን ቦታው መለሱና ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ቆመሽ ትነጂዋለሽ?" አሉኝ።

"እነዳዋለሁ" አልሁ። ብስክሌት ነድቼ አላውቅም ነበር።

ሳልቀመጥ መንዳት ተማርሁ። በፔዳሉ ላይ ቆሜ፣ ቀሚሴን በመቀነት አጥብቄ፣ በዘንባባዎቹ ሥር ትምህርት ቤት ሄድሁ፤ ጀምበር ሳትጠልቅም ተመለስሁ። የሐይቁ ነፋስ ከጎን ሲመታኝ የረጠበ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ ይመጣል። ኮርቻው ከኋላዬ ባዶውን ይከተለኛል። መንገድ ላይ ያልሰደበኝ የለም። "ተቀመጭ እንጂ፣ ይነክስሻል?" ይላሉ። የሰፈራችን ዲያቆናት ደግሞ ባዩኝ ቁጥር፣ "እኅታችን፣ ቅዳሴው ገና አላለቀም?" እያሉ ይሳሳቃሉ። የዘጌዎቹም ሽማግሌ ቀረ፤ ቆማ የምትነዳ ልጅ ነገር ሳያስፈራቸው አልቀረም። እግሬ አራት ጣት እስኪጨምር ስጠብቅ ዐሥራ ሁለተኛን ጨረስሁ።

ወንድሜ አልመጣም። እንዲህ ሆነ የሚል ወረቀትም አልመጣም። እናቴ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ አባቴም ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ስለ ክሩ በቤታችን ዳግመኛ አልተነሣም።

እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን የከፈትሁት እኔ ነኝ። ከነጠላዋ ሥር የተጠቀለለ ጧፍ አገኘሁ። ሰሙ ቢጫ ነው፤ ማር ማር ይላል። አልበራም። የወንድሜ መስሎኝ ልስመው ሳነሣው፣ ጫፉ ላይ ከሰሙ በታች ጥቁር የአውራ ጣት ምልክት አየሁ።

የእኔ ክር ነበር። የወንድሜ ክር ሳጥኑ ውስጥ የለም።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አሰብሁት። እናቴ ክሩን ሆን ብላ ቀይራ ይሆን? እኔ ቤት እንድቀር? ወይስ በዚያ ቤት በልጇ ልክ የተሠራ፣ እሱን የሚጠብቅ ነገር እንዲኖራት ነው? ደግሞም የወንድሜን ክር ከሳጥኗ አውጥታ እንደያዘች ቆርቆሮ ቤቷን ስትጠርግ ሁለቱ ክሮች ተምታተውባት እንደሆነስ? እንዲያ ከሆነ ለምን አልደነገጠችም? የእኔንስ ክር በሰም የነከረችው መቼ ነው? ለእኔም ተስላ ከነበረ ምን እንዲሆንልኝ? ደግሞ ለምን ሳታበራው ቀረች? አባቴን መጠየቅ እችል ነበር፤ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ። አልጠየቅሁም። እሳቸውም ክሩን ከምስማሩ ሲያነሡ ርዝመቱ በእጃቸው አልታወቃቸውም ነበር ብዬ ለማመን ይቸግረኛል።

ይህን ሁሉ ለልጄ ልጅ የነገርኋት በዚያው የብረት ሜትሩ ባቀዘቀዘኝ ቀን ነው። ጧፉንም አመጣሁላት። ቀስ ብላ እየዘረጋች ከጎኔ አቆመችው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ቁመቴ ከአሁኑ አናቴ አራት ጣት ያልፋል።

"የአራቱ ግማሽ ሁለት ነው፤ እንግዲያው ቱቦው አራት ጣት አይበቃውም፤ ስድስት ነው የሚቆረጠው" አለች። እሷ ሁልጊዜ ነገሯ በሒሳብ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እቴቴ፣ ልቁረጠው?" አለችኝ።

ወደ ጓዳው በር አየሁ። ምን እንደጠበቅሁ አላውቅም። ማንም አልወጣም።

"ቁረጪው" አልሁ።

የዛሬ መቁረጫ ጊዜ አይፈጅም። እሳቱ ተረጨ፤ ቁራጩ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ ከውስጡ ቡናማ ዝገት ፈሰሰ። ሲቀዘቅዝ አንሥቼ መዳፌ ላይ አኖርሁት። ቀላል ነው። ያን ያህል ዓመት ያቆመኝ ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ደግሞ ሌላ ግራ መጋባት ሆነብኝ።

የልጄ ልጅ ፊቷን ወደ ሞርሳው አዙራ፣ "ምናልባት እናትዎ ጧፉን ያላበሩት እርስዎ እስኪቀመጡ ሲጠብቁ ይሆናል" አለች። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልለየሁም። ቁራጩንና ጧፉን አንድ ላይ ሳጥኑ ውስጥ አኖርኋቸው። እስካሁን አላበራሁትም።

ባለፈው እሑድ ብስክሌቱ አለቀ። በር ላይ አወጣችልኝ። ተቀመጥሁ፤ ሁለቱም እግሮቼ መሬት ነኩ። ቁልፉን ስጫን ሞተሩ እንደ ንብ ቀፎ ድምፅ አሰማና ተንቀሳቀስን። አጥሩን ሳልፍ ከኋላዬ፣ "እቴቴ! ይቀመጡ እንጂ!" ስትል ሰማሁ።

ሳላውቀው ከኮርቻው ብድግ ብያለሁ፤ በዚህ ጉልበቴ።

ተመልሼ ተቀመጥሁ። ትንሽ እንደሄድሁ ግን ወደ ፊት ጠጋ አልሁ። ኮርቻው ሰፊ ነው፤ ከኋላዬ ለአንድ ሰው ቦታ ተረፈ።